የድሮ የጦር ማሠልጠኛ አውሮፕላን ማብረር፦ ሥልጠናው፣ መድኑና የሰሜን ሸዋ ከፍታ

እ.ኤ.አ. በ1935 አዲስ አበባ ላይ የተሠራችውና በወረራው ዘመን ወደ ጣሊያን የተወሰደችው አውሮፕላን «ፀሐይ» በጥር 2016 ዓ.ም. ወደ አገሯ ከተመለሰች ወዲህ፣ ስለ አሮጌ አውሮፕላኖች የሚነሳው ወሬ ከሙዚየም አልፎ ወደ በረራ ዘልቋል። ውጭ አገር ሠርቶ ገንዘብ የቋጠረ፣ የግል አብራሪነት ፈቃድም ያለው ሰው አንድ የድሮ የጦር ማሠልጠኛ ገዝቶ ደብረ ብርሃን ላይ ማብረር ይችላል ወይ? አንዱ ወገን «ጭራሽ የተከለከለ ነው» ይላል፤ ሌላው «ፈቃድና ብር ካለ ምን ይከለክለዋል» ሲል ይመልሳል። ሁለቱም ነገሩን የሚወስነውን ሦስተኛ ወገን ዘለውታል፤ እሱም መድን ሰጪው ነው። የሥልጠናውን ርዝመትና ዓይነት፣ የሚበረርበትን ቦታ፣ ተሳፋሪ መቼ እንደሚጫን በተግባር የሚደነግገው የመድን ውሉ ነው። ሰሜን ሸዋ ላይ ደግሞ የውሉ ቁጥሮች ራሳቸው አይበቁም።

የምን አውሮፕላኖች ናቸው?

የጦር ማሠልጠኛ ሲባል ለውጊያ ሳይሆን ዕጩ መኮንኖችን ለማስተማር የተሠራ፣ ብዙውን ጊዜ ሁለት መቀመጫና አንድ የፒስተን ሞተር ያለው አውሮፕላን ማለት ነው። በእኛ አገር ታሪክ ውስጥ ስሙ የሚነሳው ከስዊድን የመጣው ሳብ 91 ሳፊር ነው፤ ስዊድናዊው አብራሪ ካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘን የአየር ኃይሉን መልሶ ማደራጀት ከያዙበት ጊዜ ጀምሮ ቢሾፍቱ ላይ ብዙ አብራሪ ፊደል የቆጠረው በእሱ ነው። በኋላ የመጣው የአሜሪካው ቲ-28 እጅግ የከበደና ጉልበተኛ ነበር። ዛሬ በዓለም ገበያ በብዛት የሚሸጡት በካናዳ የተነደፈው ቺፕመንክ፣ የአሜሪካዎቹ ስቲርማንና ቲ-6 (በሌላ ስሙ ሃርቫርድ)፣ እንዲሁም የሶቪየቱ ያክ-52 ናቸው።

በአንድ ስም ይጠሩ እንጂ ባሕርያቸው ለየቅል ነው። ሳፊርና ያክ-52 አፍንጫቸው ሥር ጎማ አላቸው፤ ቺፕመንክ፣ ስቲርማንና ቲ-6 ግን ሦስተኛው ጎማቸው ጅራት ላይ ነው። ቺፕመንክ 145 የፈረስ ጉልበት ሲኖረው ያክ-52 360፣ ቲ-6 ደግሞ 600 አለው። ወረቀታቸውም ይለያያል። አንዳንዱ መደበኛ የበረራ ብቃት ምስክር ወረቀት ያገኛል፤ ያክ-52ን የመሰለው ግን በብዙ አገር የሚበረው በልዩ ወይም በ«ሙከራ» ምድብ ነው። ልዩነቱ ድንበር ላይ ይታያል። ኢትዮጵያም ከመጀመሪያዎቹ ፈራሚዎች አንዷ የሆነችበት የ1944ቱ የቺካጎ ስምምነት አገሮች አንዱ የሌላውን የብቃት ምስክር ወረቀት እንዲቀበሉ የሚያስገድደው ወረቀቱ ዓለም አቀፉን ዝቅተኛ መስፈርት ሲያሟላ ነው። ልዩ ምድብ ያንን ስለማያሟላ በየአገሩ የተለየ ፈቃድ መጠየቅ የግድ ይሆናል። አውሮፕላኑን ከናይሮቢ ወይም ከጆሃንስበርግ እያበረሩ አመጣለሁ የሚል ሰው በመንገዱ ያሉትን አገሮች ሁሉ ማስፈቀድ አለበት፤ ብዙዎች ፈታትተው በኮንቴይነር የሚጭኑት በዚህ ምክንያት ነው።

ፈቃዱ መግቢያ በር ነው

የግል አብራሪነት ፈቃድ ለማግኘት በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መስፈርት ዕድሜ ቢያንስ 17፣ የሁለተኛ ደረጃ የሕክምና ማረጋገጫና 40 የበረራ ሰዓት ያስፈልጋል፤ ሥልጠናው በጸደቀ ሥርዓተ ትምህርት ከተሰጠ 35 ሰዓት ይበቃል። ከዚህ ውስጥ 10 ሰዓቱ ለብቻ የሚበረር ነው። በብቻ በረራው ውስጥ የ5 ሰዓት የአገር አቋራጭ ጉዞ ይካተታል፤ አንዱ ጉዞ በሁለት የተለያዩ ማረፊያዎች እየቆመ 270 ኪሎ ሜትር መሸፈን አለበት።

ይህ ሁሉ የሚጠናቀቀው አገር ውስጥም ሆነ ውጭ እንደ ሴስና 172 ወይም ዳይመንድ ባሉ አፍንጫቸው ሥር ጎማ ባላቸው ገራም አውሮፕላኖች ነው። የጅራት ጎማ ያለው ሌላ ትምህርት ይጠይቃል። የክብደቱ ማዕከል ከዋናዎቹ ጎማዎች በስተኋላ ስለሚውል፣ በማረፍ ላይ ሳለ ጅራቱ ጥቂት ወደ ጎን ከሸሸ ሽሽቱ ራሱን እያባባሰ ይሄዳል፤ እግር በመሪው ላይ ካልፈጠነ አውሮፕላኑ መሬት ላይ ዞሮ ክንፉን ይመታል። አብራሪዎች ግራውንድ ሉፕ የሚሉት ይህንን ነው። ሰው እምብዛም አይጎዳበትም፣ ሂሳቡ ግን ከባድ ነው፤ ፕሮፔለሩ መሬት ከነካ ሞተሩም ተፈትቶ መመርመር አለበት።

ስለዚህ የተለመደው መንገድ በቀላል የጅራት ጎማ አውሮፕላን፣ ለምሳሌ በሱፐር ከብ፣ ከ5 እስከ 10 ሰዓት መማር፣ ከዚያ በራሱ በሚፈለገው ዓይነት ላይ ከአሠልጣኝ ጋር ወደ 10 ሰዓት መብረር ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚሠራው ብዙ ነው፦ ስቶል (ክንፉ አየር መያዝ ሲያቅተው)፣ ስፒን (ከስቶል በኋላ እየተሽከረከሩ መውረድ) እና ከእሱ መውጣት፣ ሞተር ሲጠፋ ማሳ መርጦ ማረፍ፣ ከጎን በሚነፍስ ነፋስ ማረፍ፣ ማረፍን ሰርዞ ዳግም መነሳት፣ ጎማ አልወርድ ሲል የሚወሰድ እርምጃ። ያክ-52 ላይ የአየር ግፊቱ ሥርዓት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው፤ ሞተሩ የሚነሳው፣ ጎማው የሚታጠፈው፣ ፍሬኑም የሚይዘው በታመቀ አየር ነው። የአየሩ ጠርሙስ ባዶ ሆኖ ካደረ አውሮፕላኑ አይነሳም፤ በረራ ላይ ከፈሰሰ ደግሞ ካረፉ በኋላ ፍሬን የለም።

እንዲህ ያለ ሥልጠና በብዛት የሚገኘው በእንግሊዝና በአሜሪካ ነው፤ ለእኛ የሚቀርበው ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ነው። የዚያ አገር አየር ኃይል ሃርቫርድን እስከ 1995 እ.ኤ.አ. ለማሠልጠኛነት ስለተጠቀመበት ዕውቀቱም መለዋወጫውም በሲቪሎች እጅ ገብቷል። አሠልጣኝ ከመቅጠር በፊት ግን አንድ ነገር መጠየቅ አለበት፦ አውሮፕላኑ ያለበት ምድብ ለሥልጠና ክፍያ መቀበልን ይፈቅዳል? በአሜሪካ በ2021 እ.ኤ.አ. አንድ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በዚህ ጉዳይ ለአቪዬሽን ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ከወሰነ በኋላ የአሮጌ አውሮፕላን ባለቤቶች የተለየ የፈቃድ ደብዳቤ እስከመጠየቅ ደርሰው ነበር፤ ደንቡ የላላው በኋላ በወጣ ሕግ ነው። ሥልጠናው ሕጉን ሳይከተል ከተሰጠ መድን ሰጪው ሰዓቱን አይቆጥረውም።

መድን ሰጪው የሚያየው ምንድን ነው?

የአውሮፕላን መድን ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው የአካል ሽፋን ሲሆን አውሮፕላኑ ራሱ ሲጎዳ ይከፍላል። ሁለተኛው የኃላፊነት ሽፋን ነው፤ መሬት ላይ ባለ ሰውና ንብረት፣ ውሉ ካለም በተሳፋሪ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ይከፍላል። የአካሉ ሽፋን በሦስት ደረጃ ይሸጣል፦ ቆሞ ሳለ ብቻ፣ ቆሞና መሬት ላይ ሲንቀሳቀስ፣ ወይም በረራን ጨምሮ። ለኤግዚቢሽን የሚቆም አውሮፕላን የመጀመሪያው ይበቃዋል፤ አረቦኑም ከበረራው ሽፋን በእጅጉ ያንሳል።

በአገራችን በተለመደው አሠራር ውሉን የሚፈርመው የአገር ውስጥ ኩባንያ ነው። የአውሮፕላን አደጋ ግን ለአንድ ኩባንያ ካዝና ይከብዳል፤ የሚበዛው ድርሻ በጠለፋ መድን፣ ማለትም መድን ሰጪው ራሱ በሚገዛው መድን፣ ወደ ለንደንና ወደ መሰል ገበያዎች ይተላለፋል። የአየር መንገድ አውሮፕላኖችን መድን ማድረግ የለመደ ክፍል እንኳ አንድ የ1950ዎቹ ማሠልጠኛ ሲቀርብለት የሚያነጻጽርበት የለውም፤ የመድን ስሌት የሚሠራው በብዛት ነውና። ስለዚህ ዋጋውንም ቅድመ ሁኔታውንም የሚጽፈው ውጭ ያለው የጠለፋ መድን ሰጪ ይሆናል፤ ከአረቦኑ የእሱ ድርሻም የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ ነው። ገዢው ብር ቢኖረውም ምንዛሪው እስኪገኝ ውሉ ሊዘገይ እንደሚችል አስቀድሞ ማሰብ አለበት።

መጀመሪያ የሚላከው የአብራሪው ቅጽ ነው፦ ጠቅላላ ሰዓት፣ ባለፉት 12 ወራትና 90 ቀናት የተበረረ ሰዓት፣ በጅራት ጎማ፣ ጎማው በሚታጠፍ አውሮፕላን፣ በዚያው ዓይነት ላይ ያለው ሰዓት፣ የሕክምናው ቀን፣ ያለፉ አደጋዎች። ስለ አውሮፕላኑ ደግሞ የተመረተበት ዓመት፣ መለያ ቁጥሩ፣ ሞተሩ ከታደሰ ወዲህ የሠራው ሰዓት፣ መጋዘን መኖር አለመኖሩ፣ የማኮብኮቢያው ርዝመትና ዓይነት ይጠየቃል። መልሱ የሚመጣው ለምሳሌ «10 ሰዓት ከእኛ ፈቃድ ካለው አሠልጣኝ ጋር፣ ቀጥሎ 10 ሰዓት ለብቻ፣ ተሳፋሪ መጫን ከዚያ በኋላ ብቻ» በሚል መልክ ነው። ይህ ምክር ሳይሆን የውል ቃል ነው። ዘጠነኛው የብቻ ሰዓት ላይ የአጎት ልጅ ጭኖ ጉዳት ያደረሰ አብራሪ ካሳ አያገኝም። ቅጹ ላይ ሰዓት ጨምሮ መጻፍም ያው ነው፤ የበረራ መዝገቡ ከአደጋ በኋላ ገጽ በገጽ ይነበባል።

ሰዎች በብዛት የሚሳሳቱት የዋጋ ስምምነቱ ላይ ነው። የአሮጌ አውሮፕላን ውል የሚጻፈው አስቀድሞ በተስማሙበት ዋጋ ነው። አረቦን ለመቆጠብ 150 ሺህ ዶላር የሚያወጣውን በ80 ሺህ ያስመዘገበ ሰው፣ መጠገኛው 70 ሺህ የሚሆን ጉዳት ሲገጥመው መድን ሰጪው «እንዳልነበረ ሆኗል» ብሎ 80 ሺሁን ከፍሎ ስብርባሪውን ይወስዳል። ባለቤቱ ሊጠገን ይችል የነበረውን አውሮፕላን ያጣል፤ ሌላ መግዣ የሚሆን ገንዘብም አይተርፈውም። ከፍ አድርጎ ማስመዝገብም የራሱ ጣጣ አለው፤ መሸጥ የሚገባው ፍርስራሽ በግድ እየተጠገነ ዓመታት ይፈጃል።

የማይሸፈነውም መታወቅ አለበት። እርጅናና የሜካኒካል ብልሽት አይሸፈንም። ያክ-52 እና ቲ-6 ሲሊንደሮቻቸው በክብ የተደረደሩ ሞተሮች አሏቸው፤ ቆመው ሲያድሩ ዘይት ወደ ታችኞቹ ሲሊንደሮች ይወርዳል። ዘይት እንደ አየር ስለማይታመቅ በዚያ ሁኔታ ሞተሩን ማስነሳት የፒስተኑን ዘንግ ያጣምማል። መፍትሔው ማግኔቶው (ለሻማዎቹ እሳት የሚሰጠው መሣሪያ) መጥፋቱን አረጋግጦ ከማስነሳት በፊት ፕሮፔለሩን በእጅ ማዞር ነው፤ ከጠጠረ የታችኞቹን ሻማዎች ፈትቶ ዘይቱን ማፍሰስ እንጂ በኃይል መግፋትም ወደ ኋላ መመለስም አይገባም። ይህን ሳያደርግ ሞተር ያበላሸ ሰው የሚቀበለው ደብዳቤ «ይቅርታ» የሚል ነው።

ደብረ ብርሃን ላይ ቁጥሮቹ ለምን ይለወጣሉ?

የለንደኑ ባለሙያ «10 ሰዓት» ሲል የሚያስበው ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ ያላለ ሜዳ ነው። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ላይ ናት። አብራሪዎች የሚያሰሉት ደግሞ የአየር እፍግታ ከፍታን ነው፤ ይህም አየሩ ከመሳሳቱ የተነሳ ሞተርና ክንፍ ያሉ የሚመስላቸው ከፍታ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ ስሌቱ መደበኛ ብሎ የሚወስደው ሙቀት ከዜሮ በታች 3 ዲግሪ ገደማ ነው። በ20 ዲግሪ ቀን ስሌቱ ወደ 3,600 ሜትር ያመጣል። የአየሩ እፍግታ ከባሕር ወለሉ 70 በመቶ ገደማ ብቻ ይሆናል።

ሱፐርቻርጀር (አየር አምቆ ለሞተሩ የሚሰጥ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በዚህ አየር የጉልበቱን ሲሶ ያህል ያጣል። 180 የፈረስ ጉልበት ያለው የመጨረሻው ሳፊር ከ120 ብዙም አይበልጥም፤ 145 ያለው ቺፕመንክ 95 ገደማ ይቀረዋል። የፍጥነት መለኪያው የሚያሳየው ያንኑ የለመዱትን ቁጥር ነው፣ አውሮፕላኑ መሬት ላይ የሚሮጠው ግን በ20 በመቶ ፈጥኖ ነው። ፍጥነቱ ብቻውን የመንደርደሪያውን ርቀት በ44 በመቶ ያስረዝመዋል፤ የጉልበቱ ማነስ ሲጨመርበት ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ሲያርፍም እንዲሁ፦ በጅራት ጎማ የሚወርድ አብራሪ በለመደው ቁጥር ላይ ሆኖ 44 በመቶ የበለጠ የእንቅስቃሴ ጉልበት ይዞ መሬት ይነካል። ግራውንድ ሉፕ የሚጠብቀው ይህችን ቅጽበት ነው።

ጠዋትና ቀትር የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። በ5 ዲግሪ ጠዋት ስሌቱ 3,100 ሜትር አካባቢ ይሆናል፤ ከቀትሩ 500 ሜትር ያህል ይሻላል። ነገር ግን የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ዘይቱን ያወፍረዋል፤ ሞተሩን አስቀድሞ ሳያሞቁ ማስነሳት መሸከሚያዎቹን ይበላል። ክንፍ ላይ ያደረው ውርጭ ስስ ቢመስልም ተጠርጎ መነሳት አለበት፤ ክንፉ አየር የመያዝ አቅሙን ያሳጣዋል። የነዳጅና የአየር ድብልቁን የሚያስተካክለው ሚክስቸር ደግሞ ቆላ ላይ እንደሚደረገው እስከ መጨረሻው ከተገፋ ሞተሩ በነዳጅ ታፍኖ ከቀረውም ጉልበት ይቀንሳል፤ በመመሪያው መሠረት የድብልቁ ነዳጅ መቀነስ አለበት። በአንዳንድ አሮጌ ማሠልጠኛዎች ላይ ይህ መቆጣጠሪያ በቆላ አገር ባለቤቶች በሽቦ ታስሮ ይገኛል። ከመግዛት በፊት ማየት ነው።

ከፍታው የሰውንም አካል ይነካል። ዓለም አቀፉ መስፈርት ከ10,000 ጫማ በላይ ከ30 ደቂቃ ለሚረዝም በረራ ለአብራሪው ኦክስጅን ይጠይቃል። ደብረ ብርሃን 9,200 ጫማ ገደማ ስለሆነች፣ ሜዳው ላይ በ1,000 ጫማ እየዞሩ መውረድና መነሳት መለማመድ ብቻውን መስመሩን ያሳልፋል። ወደ ምሥራቅ ደግሞ ጣርማ በር አለ፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው አፋፍ ምድሩ ሸዋ ሮቢት እስካለችበት 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ድረስ ይወርዳል። ከምዕራብ ሲነፍስ አየሩ በገደሉ ጫፍ ላይ ታጥፎ ወደ ታች ይወድቃል፤ ከደብረ ሲና በኩል የሚመለስ ደካማ ሞተር ያንን ወራጅ አየር ላይበልጠው ይችላል። ከምሥራቅ ሲነፍስ ደግሞ እርጥቡ አየር ሽቅብ ወጥቶ ጉም ይሆንና አፋፉን ይሸፍናል። አፋፍን ቢያንስ በ1,000 ጫማ፣ ነፋስ ካለ በእጥፉ አልፎ፣ ደግሞም ፊት ለፊት ሳይሆን በ45 ዲግሪ አግድም መቅረብ የተራራ በረራ ደንብ ነው፤ መመለስ ቢያስፈልግ የሚበቃው አጭር መታጠፍ ነውና። ክረምት ላይ መረሬው ራሱን የቻለ እንቅፋት ነው። ማሳ ላይ በግድ ያረፈ አውሮፕላን ጎማው ይሰምጥና በአፍንጫው ይተከላል።

በዚህ ምክንያት፣ የውሉ 10 ሰዓት ተሟልቶም ቢሆን፣ ሌላ 5 ሰዓት ያህል ከአሠልጣኝ ጋር በደጋ ሜዳ ላይ መብረር ተገቢ ይመስለናል። መድን ሰጪው አልጠየቀም ማለት አደጋው የለም ማለት አይደለም፤ ካርታውን አላየውም ማለት ነው።

የጦርነት ማግለያው

የአውሮፕላን ውል ሁሉ ማለት ይቻላል የጦርነት ማግለያ አለው፤ በለንደን ገበያ የታወቀው ኤቪኤን 48ቢ የሚባለው አንቀጽ ነው። ጦርነትን፣ የእርስ በርስ ጦርነትን፣ አመፅን፣ የሥራ ማቆምና ሁከትን፣ ሆን ተብሎ የሚፈጸም ጉዳትን፣ ጠለፋን፣ እንዲሁም በመንግሥት መወረስንና መያዝን ከሽፋን ያወጣል። የወጣውን በተጨማሪ አረቦን መልሶ መግዛት ይቻላል፤ ይሁን እንጂ መድን ሰጪው በአጭር ማስጠንቀቂያ ሊሰርዘው ይችላል።

በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ያለው ግጭት ይህን አንቀጽ ከወረቀት ወደ ኑሮ አውርዶታል። መቀመጫው ሰሜን ሸዋ ነው የተባለ አውሮፕላን ማግለያው ሳይመለስለት መድን ቢገባ፣ መሬት ላይ በተኩስ የደረሰበት ቀዳዳ አይከፈልም። የቀድሞ ወታደራዊ አውሮፕላን መሆኑም ነገሩን ያከብደዋል፤ ከሩቅ የሚያየው ሰው ማሠልጠኛ ይሁን ሌላ አይለይም። የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣኑ ፈቃድና የጸጥታ አካላት ስምምነት የሚያስፈልገውም ከግዢው በፊት ነው። ትጥቅ መሸከሚያ የነበረው ከሆነ መነቀሉን የሚያሳይ ሰነድ ከሻጩ ሳይቀበሉ ገንዘብ መላክ አይገባም።

ማን ይሻላል፦ ሰዓት ያለው ወይስ ልምምድ ያለው?

ባለሙያዎች የማይስማሙበት አንድ ጉዳይ አለ። አንዱ ወገን ጠቅላላ ሰዓት ከሁሉ ይበልጣል ይላል፤ ብዙ የበረረ ሰው አየሩን ያነባል፣ አይደነግጥም፣ የማረጋገጫ ዝርዝሩን አይዘልም። ሌላው ወገን በዓይነቱ ላይ ያለውና የቅርብ ጊዜው ሰዓት ይበልጣል ይላል። በትልቅ ጄት 10,000 ሰዓት ያለው ካፒቴን መሬት ላይ በእግሩ መሪ ሲታገል ዓመታት አልፈውት ይሆናል፤ በቲ-6 ላይ 600 ጠቅላላና 150 የጅራት ጎማ ሰዓት ካለው ወጣት የከፋ ቅድመ ሁኔታ ቢቀርብለት አይግረመው። የመድን ገበያው ወደ ሁለተኛው ያዘነብላል፤ የሚያስከፍሉት ጉዳቶች የሚበዙት መሬት ላይ ነውና ፍርዱ ትክክል ነው። የመጀመሪያው ወገን ሚዛን የሚደፋው ጣርማ በር ላይ ነው። ጉሙን አይቶ መመለስን የሚያስተምረው ብዙ መብረር ነው።

ቅደም ተከተሉ

የሚጀመረው አውሮፕላን በመግዛት አይደለም። መጀመሪያ የአብራሪው ቅጽና የታሰበው አውሮፕላን ዝርዝር ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት ለመድን ሰጪው ወይም ለደላላው ይሄዳል፤ ጎን ለጎን ለባለሥልጣኑ በየትኛው ምድብ ሊመዘገብ እንደሚችል በጽሑፍ ጥያቄ ይቀርባል። ሁለቱም መልስ ከመጡ በኋላ በሻጩ ያልተቀጠረ መካኒክ አውሮፕላኑን ይመረምራል፦ ዝገት፣ የእንጨትና የጨርቅ ክፍሎች ዕድሜ፣ የሞተሩ የሲሊንደር ግፊት፣ የመዝገቡ ምሉዕነት። ሥልጠናው ከዚያ ይመጣል፤ ግዢው ከሥልጠናው በኋላ ቢሆን ይመረጣል፣ በ6ኛው ሰዓት ላይ «ይህ የእኔ አይደለም» የሚል ሰው ጥቂት አይደለምና።

መካከለኛ መንገድም አለ። አውሮፕላኑን ዝቅ ባለና ጸጥታው በተረጋጋ ሜዳ አስቀምጦ፣ በክረምት ወራት የበረራውን ሽፋን ወደ «ቆሞ ሳለ ብቻ» ማስቀየር ይቻላል። ብዙ ውሎች ላልተበረረበት ጊዜ ከአረቦኑ ከፊሉን ይመልሳሉ። ይህ ግን የሚሠራው ለመድን ሰጪው አስቀድሞ ከተነገረና ውሉ ላይ ከተጻፈ ነው፤ በመስከረም ሽፋኑን ሳያስመልስ የመጀመሪያውን ጥሩ ጠዋት አይቶ የተነሳ አብራሪ የሚበረው ያለ መድን ነው።